አምስት ሥዕል ያህል መዘግየት

"አዲሱ ቺፕ የሚያሸንፈውን ሰው ራሱ ይመርጣል አሉ።"

ይህን ወሬ መጀመሪያ የሰማሁት ከጎረቤታችን ፀጉር አስተካካይ ነው። ሁለተኛም፣ አምስተኛም፣ አርባኛም ጊዜ የሰማሁት ከእሱው ነው። የእሱን ፀጉር ቤትና የአጎቴን ጌም ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ስለሆነ ወሬ ፍለጋ መውጣት አያስፈልገኝም፤ የምወጣው ወሬ ሽሽት ነው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። ጋሼ የሚጨምርበት ሌላ ወሬ ነው። ሰኞ ዕለት "ይመርጣል አሉ" ብቻ ነበር። ማክሰኞ "ፊት አይቶ ነው አሉ የሚመርጠው" ሆነ። ረቡዕ ደግሞ ጭንቅላቱ እስከ ግማሽ የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ መጣና በራችን ላይ ቆሞ፣ "ፂም ያለው ሰው አይወድም አሉ" አለኝ።

"ማን ነው ያለው ጋሼ?"

"ሰዎች ናቸዋ።"

"የትኞቹ ሰዎች?"

"የሚያውቁ ሰዎች።"

"አንተ ጋ የሚላጩ ሰዎች በላ!"

ማበጠሪያውን እያወዛወዘብኝ፣ እየሳቀ ወደ ደንበኛው ተመለሰ። ቺፑ ያለበት የጌም ማሽን እኮ ገና አልመጣም ነበር። ሳጥኑን እንኳ ያየ ሰው የለም።

ስለዚያ ቺፕ በሠፈሩ በትክክል የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው። በአጎቴ ጌም ቤት ያሉትን አሥር ማሽኖች እያንዳንዳቸውን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜያቸዋለሁ። ጆይስቲክ ውስጥ የፈሰሰ ለስላሳ እንዴት እንደሚጸዳ፣ የሞተ ፊውዝ ከዳነው እንዴት እንደሚለይ፣ የብየዳ ብረት እንዴት እንደሚያዝ ማንም ቁጭ አድርጎ አላሳየኝም። የብየዳውን ትምህርት የሰጡኝ ሁለት የተቃጠሉ ጣቶቼ ናቸው። አምራቾቹ ስለ አዲሱ ቺፕ ያወጡትን መመሪያም በስልኬ አውርጄ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በመጀመሪያው ምንም አልገባኝም። በሁለተኛው ገባኝና አላመንኩም። በአራተኛው ላይ ፍቅር ይዞኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

አጎቴ አንድ ቀን ጠየቀኝ። አጎቴ የሚጠይቀው የምር ሲፈልግ ብቻ ነው። "እስቲ ለእኔ ለመሃይሙ አስረጂኝ፤ ይሄ ቺፕ ከእኛዎቹ በምን ይለያል?"

"የእኛ ማሽኖች ቺፕ እንደ ማኅተም ነው" አልኩት። "ሣር የሚያትም ማኅተም አለው፣ ጥላ የሚያትም አለው፣ ሌላም ሌላም። ከያዘው ማኅተም ውጭ ምንም ብትለምነው አይሠራልህም። አዲሱ አንድም ማኅተም የለውም። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሠራተኞች ናቸው ያሉት፤ ምን እንደሚስሉና እንዴት እንደሚስሉ ሰው ይነግራቸዋል፣ እነሱ ያንን ይስላሉ።"

"ካልነገርናቸውስ?"

"ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።"

"እንዲህ ያለ ሠራተኛ እንኳ አለኝ" አለና እኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር በእግሩ ነካ አደረገው። "በይ ተነሺ፣ ሰባተኛው ጆይስቲክ ወደ ግራ አልሄድም ብሏል።"

*

ማሽኑ ሐሙስ መጣ። ያመጣው የአስመጪው ድርጅት ወኪል ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ክራባቱ ጠባብ፣ ወለላችን ላይ ሲራመድ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የሚያስብ ሰው። ማሽኑን፣ ሁለት ጆይስቲክና የራሱ የሆነ አዲስ ስስ ስክሪን ከሳጥኑ አወጣና ከመግቢያው ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው።

"ለአንድ ወር ለሙከራ ነው" አለ። "በከተማው ለአምስት ጌም ቤቶች ሰጥተናል። ዋናው ቢሮ ከእኔ የሚፈልገው የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፤ ይህ ቺፕ እዚህ ተስፋ አለው ወይስ የለውም?"

"አራቱ ምን አሉ?" አልኩት።

ክራባቱን አስተካከለ። "እየተጠና ነው።"

"አልወደዱትም ማለት ነዋ።"

"እየተጠና ነው አልኩሽ እኮ እህቴ።" ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ብቻ የተናገረ ያህል፣ "የዚህ ማሽን በሩ ክፍት ነው። ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው ላፕቶፕ ሰክቶ የራሱን ትእዛዝ ቺፑ ላይ መጫን ይችላል። እስካሁን የሞከረ ሰው ግን አላየሁም" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ገመድና ስለ ዋስትና ብዙ አወራ፤ አልሰማሁትም። አራት ጊዜ ያነበብኩት ቺፕ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጧል። የምጽፍለትን ይስላል። እንደዚህ ያለ ሌላ ማሽን ደግሞ የምነካበት ቦታ በዓለም ላይ የለኝም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምፈልገው ነገር አንድ ሆነ፤ ያ ማሽን ከዚያ ጠረጴዛ እንዳይነሳ።

ችግሩ የአጎቴ ሕግ ነው። አጎቴ ባዶ ወንበር አይወድም። "ባዶ ወንበር ደንበኛ ያባርራል" ይላል፤ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ባዶውን ነው፣ "እዚህ ቤት ምን ሆኗል?" ብሎ ይመለሳል ባይ ነው። አንድ ማሽን ሳምንት ሙሉ ሰው ካልተቀመጠበት ይነሳል። የመኪና እሽቅድድሙን ከነመሪው ያስነሳው እንዲህ ብሎ ነው፤ የገዛ ወንድሙ ስጦታ ነበር። አባቴ እስከ ዛሬ ያነሳበታል።

*

የምረቃው ቀን ቅዳሜ ሆነ፤ መራቂው ደግሞ አውራ ጣት።

አውራ ጣት ስሙ አይደለም፣ ማዕረጉ ነው። ከንጋት እስከ ረፋድ ዳቦ ቤት ሊጥ ያቦካል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የእኛ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ በፍጹም ቅጣት ምት ጨዋታ የረታው የለም። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ከግቡ በታች አንዲት ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ትሮጣለች፣ መሐል ላይ ጣት የማታክል አረንጓዴ ቦታ አለች። መስመሯ አረንጓዴው ላይ ስትደርስ ቁልፉን መጫን ነው። አረንጓዴው ላይ ካቆምካት ጎል፤ ከሳትካት ኳሱ ወደ ሰማይ። ያው ጨዋታ ለአዲሱ ማሽንም ተሠርቶ አብሮት መጥቷል፤ ሣሩ አንድ በአንድ ይወዛወዛል፣ በረኛው ያልበዋል።

ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። አውራ ጣት ጣቱን አፍታትቶ ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን ወደ ተመልካቹ ላከው። ሳቅን። ሁለተኛውን እዚያው ላከው። ሦስተኛው በማዕዘኑ ባንዲራ በኩል ወጣ። በአራተኛው የሚስቅ ሰው አልነበረም። አምስተኛውን ሲስት የበረኛውን ላብ እንኳ የማየው እኔ ብቻ መሰለኝ፤ ሌላው ሁሉ አውራ ጣትን ነው የሚያየው።

በዚህ መሐል እናቱ የቤት ቁልፍ ፍለጋ ገቡ። ቁልፉ ሁልጊዜ እሱ ኪስ ውስጥ ነው የሚቀረው።

"እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት!" አለ አንዱ ከኋላ።

"እኔ? ወግድ! ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት።"

"አንዴ ብቻ! ልጅዎን ያጽናኑት!"

ልጃቸውን አዩት። ፊቱ እንዳልቦካ ሊጥ ሆኗል። ቦርሳቸውን ብብታቸው ስር እንደያዙ ተቀመጡና ጆይስቲኩን ገልብጠው ያዙት። አቃናሁላቸው። "ይቺ ስትሮጥ አረንጓዴው ላይ ሲያዩዋት ይቺን ይጫኑ" አልኳቸው።

ጎል። ጎል። ጎል። አራተኛውን ያስነጠሳቸው ጊዜ ሳቱት። አምስተኛው ጎል።

"ይሄ ነው አራት ዓመት ያጠፋህበት?" አሉት ልጃቸውን፤ ቁልፉን ከኪሱ አወጡና ወጡ።

ፀጉር አስተካካዩ በራችን ላይ ነበር። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ "አላልኩም? አላልኩም ወይ? ይመርጣል! እሳቸው ፂም አላቸው? የላቸውም!" ብሎ ጮኸ።

ሌሎቹም ሞከሩ። ጎበዝ የሚባለው ሁሉ ሳተ፤ ጎበዝነቱ በጨመረ ቁጥር አሳሳቱ ባሰበት። እሁድ ከሰዓት ላይ የጋሼ ወሬ ወሬ መሆኑ ቀርቶ ምስክር ያለው ነገር ሆነ። ሰኞ ወንበሩ ባዶ ነበር። ማክሰኞም።

"እስከ ቅዳሜ" አለኝ አጎቴ። "ቅዳሜ ሰው ካላየሁበት ለክራባቱ ደውዬ ይውሰድ እለዋለሁ።"

"አጎቴ፣ ወር እኮ ነው የሰጠን!"

"እሱ ወር ሰጠኝ፤ እኔ ሳምንት ሰጠሁት። አንቺ ደግሞ እንዲህ አትዪኝ፣ ማሽን ነው፣ እጮኛሽ አይደለም።"

*

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ምርመራ ጀመርኩ። ስክሪን ማለት በሴኮንድ ስልሳ ገጽ የሚገለጥ የሥዕል ደብተር ነው። ስልኬ ደግሞ ስሎው ሞሽን የሚሉትን፣ ቀስ እያለ የሚታይ ቪዲዮ መቅረፅ ይችላል። ስልኩን በጆይስቲኩና በስክሪኑ መሐል አቆምኩና ራሴን ቀረፅኩ፤ ጣቴ ቁልፉን ከነካበት ጊዜ ጀምሮ መስመሯ እስክትቆም ስንት ሥዕል እንደሚገለጥ ቆጠርኩ። በአዲሱ ማሽን ሁለት። ቴሌቪዥን ላይ ወደተሰኩት ወደ ድሮዎቹ ሄድኩ። ሰባት። ሌላው ላይ ሞከርኩ፤ ሰባት። አሥሩንም ቆጠርኩ፤ አሥሩም ሰባት።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ደንበኛ አውራ ጣትን ቀርፆት ስለነበር ቪዲዮውን አስልኬ አየሁት። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ልጁ ቁልፉን የሚጫነው መስመሯ አረንጓዴው ላይ ሳትደርስ ነው! ሁልጊዜ አምስት ሥዕል ቀድሞ። የድሮው ማሽን ከአዲሱ በአምስት ሥዕል ይዘገያል፤ ስለዚህ ጣቱ አምስት ሥዕል መቅደምን ተምሯል፣ እሱ ራሱ ሳያውቅ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። እናቱ ምንም ስላልለመዱ ያዩትን ባዩበት ሰዓት ተጫኑ።

በቃ፣ ቺፑ ንጹሕ ነው! በዚያ ደስታ ላይ ትንሽ ጥበብ ቢጨመርበት ጥሩ ነበር። አልተጨመረም። ረቡዕ ከሰዓት ሰዉ ሲሰበሰብ ወንበር ላይ ወጣሁ፤ ቃል በቃል ወጣሁ።

"አንድ ጊዜ ስሙኝ! ማሽኑ ደህና ነው። የተበላሻችሁት እናንተ ናችሁ።"

አንዱ ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

"ጣቶቻችሁ ለቀርፋፋ ማሽን የሰለጠኑ ናቸው። ይሄኛው አይቀረፍፍም። ለዚህ ነው የምትስቱት።"

አውራ ጣት ቀስ ብሎ ተነሳ። "አራት ዓመት የሠራሁት ጣት ነው የተበላሸ የምትዪው?"

"አራት ዓመት ያበላሸኸው ጣት።"

"እናቴ ፊት ተዋርጄ፣ አሁን ደግሞ አንቺ..."

"እናትህማ ምን አጠፉ? የተበላሸ ነገር የላቸውም!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አውራ ጣት ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ተከትለውት ሌሎች ሰባት ወጡ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ባዶ ወንበር ይዤ የተነሳሁት ልጅ ዘጠኝ አደረግኳቸው።

አጎቴ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየና፣ "አፍሽን ዘግተሽ ማሽኑን ብትከፍቺው ምን ነበረበት?" አለኝ።

ንግግሩ እስከ ማታ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ትክክል መሆኑ። እውነት ነግሬያቸው ነበር። እውነት ግን ጣት አያስተምርም። ሰባት ሥዕል የለመደን ጣት በአንድ ንግግር ሁለት ልመድ ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ጣቱን ማዘዝ ካልተቻለ ደግሞ የሚታዘዘው ሌላው ወገን ነው። ቺፑ የነገሩትን ይሠራል አይደል?

*

ለዚያ ቺፕ የምጽፈው የመጀመሪያ ፕሮግራም ምን እንደሚሆን ስንት ቀን አልሜ ነበር! ዝናብ ይሆናል ብዬ ነበር። ጠብታው በረኛው ጓንት ላይ ወርዶ፣ ከጓንቱ ላይ ተንሸራቶ... እንጃ፣ የሚያምር ነገር። አሁን ግን ሐሙስ በምሳ ሰዓት የአጎቴን ላፕቶፕ ሰክቼ በዓለም ላይ ፈጣን ነው የተባለውን ቺፕ ቀርፋፋ ለማድረግ ተቀመጥኩ።

ሐሳቡ ወረፋ ነው። ቺፑ አንድ ሥዕል ስሎ ሲጨርስ ወዲያው አያሳየውም፤ ከኋላ ያሰልፈዋል። አምስት ሥዕል ከተሰለፈ በኋላ የፊተኛው ይወጣል። ተጫዋቹ የሚያየው ሁሉ አምስት ሥዕል ያረጀ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ በረኛውን ዘቅዝቆ ሰቀለው። ሁለተኛው ባሰ፤ ወረፋውን ከጭራው ስለጀመርኩት ኳሱ መጀመሪያ መረቡን ይመታል፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ እየበረረ እግር ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ይመታል። ጋሼ በዚያች ሰዓት በራችን በኩል ማለፍ ነበረበት?

"ወደ ኋላም ይሄዳል አሉ" ብሎ ሲያወራ በግድግዳው ሰማሁት።

ዓርብ በማለዳ፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ ሦስተኛው ሠራ። ስልኬን አቁሜ ቆጠርኩ፤ ሰባት። እልል ልል አፌን ከፈትኩና ያየኝ ሰው እንደሌለ ሳውቅ መልሼ ዘጋሁት። አሁን የቀረው ከፕሮግራሙ የከበደው ነው። ዳቦ ቤት መሄድ።

አውራ ጣት በጓሮ በኩል፣ ዱቄት እስከ ክርኑ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አየኝና ወደ ሻዩ ተመለሰ።

"ሰላም ነው?" አልኩት።

"የተበላሸ ሰው ሰላም አለው?"

"ማሽኑን አስተካክዬዋለሁ።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። እጁ ላይ ያለውን ዱቄት ቀስ ብሎ አራገፈ። ይህ ልጅ ሊጥ ብቻ አይደለም የሚያቦካው። "ማሽኑን? የተበላሸው እኔ ነበርኩ መስሎኝ።"

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ያማረ፣ የሾለ፣ ሦስት ሳምንት የሚወራለት መልስ። ዋጥኩት። እየወረደ ሲሄድ ተሰማኝ።

"የለም" አልኩት። "ማሽኑ ነበር።"

"ድገሚው።"

"ማሽኑ ነበር አልኩህ! አንተ ደህና ነህ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ና።"

ሳቀና ከኋላው ትኩስ ዳቦ አንስቶ ወረወረልኝ። እስከ ጌም ቤቱ ድረስ እየበላሁ ሄድኩ፤ ውሸቱን ለማውረድ ጠቀመኝ።

*

ቅዳሜ አጎቴ ስልኩን ባንኮኒው ላይ፣ የወኪሉን ቁጥር ስልኩ ላይ አድርጎ ጠበቀ። አውራ ጣት ስድስት ሰዓት ከአሥር ገባ፤ ከኋላው ግማሽ ሠፈር። ተቀመጠ። ጣቱን አፍታታ። መስመሯ ሮጠች።

አምስት ከአምስት።

ጩኸቱ የጋሼን መስተዋት አነቃነቀ አሉ፤ ያለው ያው ራሱ ጋሼ ነው። "ቺፑ ሐሳቡን ቀየረ!" እያለ ፎጣ ትከሻው ላይ እንዳለ ገባ። "ለምዶታል! ሰው ይለምዳል አላልኩም?" ያን አላለም ነበር፤ ግን ማን ይቆጥርበታል። ሁለተኛው ተራ ያዘ፣ ሦስተኛው ተገፋፋ፣ ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ስም የሚጻፍበት ወረቀት ወጣ። አጎቴ ስልኩን ኪሱ ከተተና ምንም ሳይለኝ ለስላሳ ከፍቶ ፊቴ አስቀመጠ። ከአጎቴ ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

ማሽኑ ቀረ። እኔን ግን አንድ ነገር ይበላኝ ነበር። ያን የመሰለ ቺፕ በወረፋ አስሬ ላኑረው? ማክሰኞ፣ ቤቱ ሲከፈት፣ አንድ ሥዕል ከወረፋው ቀነስኩ። አምስቱ አራት ሆነ። አውራ ጣት በዚያ ቀን ከአምስት ሁለት ሳተና፣ "እንቅልፍ አልጠገብኩም" አለ። ከሰዓት በኋላ አምስቱንም አገባ። ዓርብ ሌላ ቀነስኩ። አንዱ "ዛሬ እጄ ከብዶኛል" አለ፣ ሌላው ዝናቡን ወቀሰ፣ አንደኛው ከሚስቱ ጋር ስለተጣላ ነው ብሎ ሄዶ ታረቀ። ልጅን ጡት እንደማስጣል ነው፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ትንሽ ለቅሶ፣ ከዚያ መርሳት። በወሩ መጨረሻ ወረፋው ባዶ ነበር። ከጣት እስከ ስክሪን ሁለት ሥዕል፣ አውራ ጣት አምስት ከአምስት። ለማንም አልነገርኩም። ስኬቴን ዝም ብዬ የያዝኩበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እንዴት እንደሚያሳክክ!

ወኪሉ ማሽኑን ሊወስድ መጣ። መኪናው ውስጥ አራት ሳጥን ነበር፤ ሌሎቹ አራት ጌም ቤቶች መልሰውለታል። "ጎበዞቹ ሁሉ ይሸነፉበታል አሉኝ" አለ። "የማሽኑን ጥፋት ግን ማግኘት አልቻልንም። ቺፑ እዚህ ተስፋ የለውም ብዬ ዛሬ ልጽፍ ነው።" ከዚያ ቀና ሲል ወረፋ የያዙትን ሰዎችና የስም ዝርዝሩን አየ። "እዚህ ምን አድርጋችሁ ነው?"

አጎቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየሁት። ሰባቱን፣ ሁለቱን፣ ወረፋውን፣ አቀናነሱን። ሲጀምር ቆሞ ነበር፤ ቆይቶ ጆንያ በሚያክለው የገመድ ሣጥናችን ላይ ተቀመጠ፤ ክራባቱን ፈታ። "ይህን የት ተማርሽው?"

"እዚያ" አልኩና የተሰበሩ ጆይስቲኮች ያሉበትን ካርቶን አሳየሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው። ዋናው ቢሮ ፕሮግራሙን ጠየቀ፤ "ማላመጃ" የሚል ስም ሰጥተው ከእያንዳንዱ ማሽን ጋር እንዲላክ አደረጉ፤ ሌሎቹ አራት ጌም ቤቶችም በማላመጃው መልሰው ወሰዱ። ለእኔ ከኢንተርኔቱ መመሪያ አምስት እጥፍ የሚወፍር ሙሉ መመሪያና የራሴ የሆነ፣ ማንም ጎል የማያገባበት፣ ለሥራ ብቻ የሚውል አንድ ማሽን ላኩልኝ። አጎቴ የመኪና እሽቅድድሙ የነበረበት ጥግ ላይ ጠረጴዛ አስገባልኝ። አሥሩንም ቦታ በአዲሱ ማሽን ቀየረው፤ የድሮዎቹ ከነቴሌቪዥናቸው ለፈለገ ሰው ተሰጡ። አንዱን አውራ ጣት ለእናቱ ወሰደላቸው፤ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ኩራት ቢጤ ይዟቸዋልና።

እኔም ዝናቤን ጀመርኩ። ጠብታው አሁን ጓንቱ ላይ ይወርዳል፤ መንሸራተቱ ይቀረዋል።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ለልጃቸው ለአውራ ጣት ምሳ ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ።

"አንቺ ልጅ፣ አዲሱ አዲሱ የምትሉት ምኑ ነው አዲሱ? ቤቴ ያለው አሮጌውም እኮ እንደዚሁ ነው።"

"አይሆንም እትዬ" አልኳቸው፣ በትዕግሥት፤ ትዕግሥት እየተለማመድኩ ነው። "የእርስዎ ቺፑ ይዘገያል። ቆጥሬዋለሁ።"

"መጀመሪያማ ይዘገይ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ያ የሥዕል ማሳመሪያ የሚሉትን ነገር አጠፋሁት። የሰው ፊት ሰም እያስመሰለ ዜና አላሳይ ብሎኝ። እሱን ካጠፋሁ ወዲህ ውልፍት የለ።"

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን ተውኩት፤ አሥሩም የድሮ ማሽኖች የተሰኩት እንደዚያ ያለ ቴሌቪዥን ላይ ነበር። ስልኬን ይዤ ተከትያቸው ቤታቸው ሄድኩ። ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ የድሮውን ማሽን አበሩ፣ ጆይስቲኩን እንደ ልማዳቸው ገልብጠው ያዙት። መስመሯ ሮጠች፣ አረንጓዴው ላይ ስትደርስ ተጫኑ፣ ጎል። የቀረፅኩትን ከፍቼ ከጣታቸው እስከ መስመሯ መቆም ድረስ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

ሁለት።